መስቀለኛ ቃላትን እንዴት እንሞላለን? ከጎጃም በተወሰዱ ፍንጮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

መስቀለኛ ቃላት ጀምረው ግማሽ ላይ የሚተዉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው የዕውቀት ማነስ አይደለም። ከቁጥር 1 ተነሥተው ፍንጮቹን በተራ ይወርዱባቸዋል፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ሲደናቀፉ ጋዜጣውን አጥፈው ያስቀምጡታል። ሰንጠረዡ ግን የተሠራው በተራ እንዲወረድ ሳይሆን አንዱ መልስ ሌላውን እንዲጎትት ነው። በዚህ ረገድ በእኛ ፊደል የተሠራ መስቀለኛ ቃላት ለሚሞላው ሰው በጣም ቸር ነው። ሁለት ቃላት የሚገናኙበት አንድ ሳጥን ሲሞላ ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ሳጥኑ ውስጥ "ላ" ካለ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ሁሉም ወድቀዋል። የዚህ መመሪያ ምክር በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ከማስታወስ ይልቅ በመገናኛዎቹ ይሥሩ፤ የማያውቁትን መልስ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አድርገው ይያዙት።

ዝግጅት

እርሳስ፣ ላጲስና አንድ ደብተር ይበቃል። እርሳሱ ኤች ቢ ወይም ቱ ቢ ይሁን፤ ከዚያ የጠነከረው የጋዜጣ ወረቀት ይቧጥጣል። የጋዜጣ ወረቀት ስስ ስለሆነ ተጭነው የጻፉትን ሲያጠፉ ይቀደዳል፤ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ፊደል በሳጥኑ ጥግ አሳንሰው፣ የጸናውን መሐል ላይ አጉልተው ይጻፉ። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ስሕተት ሲፈለግ የት መጀመር እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

ጊዜው በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ በሁለት ቢከፈል ይሻላል። ጠዋት ከቡና ጋር 20 ደቂቃ፣ ማታ ቀሪው። ጠዋት የተዘጋ የመሰለ ፍንጭ ማታ ሲመለሱበት ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ጠዋት የያዝዎት የተሳሳተ ሐሳብ እስከ ማታ ስለሚለቅ ነው። እንደ ሞጣ ወይም ቢቸና ባለ ከተማ ጋዜጣው ዘግይቶ ተደራርቦ ቢደርስዎ በአንድ ቀን ሁሉንም አይጨርሱት፤ ቁልል አድርገው በየቀኑ አንድ ያውጡ።

ደረጃ 1፦ ሳጥን መቁጠር

ከፍንጩ በፊት ሳጥኑን ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሙሉ ፊደል ይይዛል፦ ዳንግላ 4፣ ሰከላ 3፣ ጣና 2። ሁለት ቃል የሆነ ስም ክፍተት ሳይኖረው ይጻፋል፤ ባሕር ዳር 5፣ ፍኖተ ሰላም 6፣ ደብረ ማርቆስ 7 ሳጥን ነው።

በቆጠራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዲቃላ ፊደላት ነው። ኳ፣ ቋ፣ ጓ፣ ሏ፣ ቷ የመሰሉት እያንዳንዳቸው አንድ ሳጥን ናቸው፤ ቋንቋ 3፣ ኳስ 2፣ ጓደኛ 3። ነገር ግን አንዳንድ አዘጋጅ "በልቷል" ብሎ በ4 ሲጽፍ ሌላው "በልቶአል" ብሎ በ5 ይጽፋል። መልሱን በእርግጠኝነት እያወቁ ቁጥሩ በአንድ ከተለያየ ሌላ ቃል ከመፈለግዎ በፊት ዲቃላውን ፈትተው ወይም ገጥመው ይሞክሩ።

ደረጃ 2፦ ያለ ጥርጥር የሚያውቁትን ብቻ

በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ፍንጭ አንዴ ያንብቡ፣ በአንዱ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ አይቁሙ። ያለ ማመንታት የመጣልዎትን ብቻ ይሙሉ። ከቦታ፣ ከሰው ስምና ከሹመት የሚጠይቁት ይቅደሙ፤ አንድ መልስ ብቻ ስላላቸው። "ትልቅ"፣ "ጥሩ"፣ "ሄደ" የሚሉ አጫጭር ፍንጮች አምስትና ስድስት ተመሳሳይ ቃል ስላላቸው ኋላ ይቆዩ። ለ"ትልቅ" ግዙፍ፣ ሰፊ፣ ታላቅ እያሉ ያለ መገናኛ መገመት ሰንጠረዡን በስሕተት መሙላት ነው።

ደረጃ 3፦ የመልሱን ጫፍ ከፍንጩ ሰዋስው ማውጣት

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምንመክረው ይህንን ነው። ፍንጩና መልሱ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ መግባት መቻል አለባቸው። ስለዚህ መልሱን ባያውቁትም ጫፉን ማወቅ ይችላሉ።

ፍንጩ ያለፈ ጊዜ ግሥ ከሆነ መልሱም እንደዚያ ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ብዙውን ጊዜ ግዕዝ (ነጎደ፣ ዘለቀ)፣ አለዚያ ራብዕ (በላ፣ መጣ፣ ሰማ) ይሆናል። አድራጊዋ ሴት ከሆነች መጨረሻው "ች" ነው። ፍንጩ "መ..." ብሎ የሚጀምር የግሥ ስም ከሆነ መልሱም በ"መ" ወይም በ"ማ" ይጀምራል፣ በሳድስም ያልቃል፤ መሄድ፣ ማረስ፣ መብላት።

ብዙ ቁጥር ሲሆን የመጨረሻው ሳጥን "ች"፣ ከእርሱ በፊት ያለው ደግሞ ሳብዕ ነው፤ ቤቶች፣ በሬዎች። የግእዝ ብዙ ቁጥር ግን ይህን ሕግ ያፈርሳል፤ መጻሕፍት፣ ነገሥታት፣ መምህራን በ"ት" ወይም በ"ን" ያበቃሉ። ፍንጩ የቤተ ክርስቲያን ወይም የቤተ መንግሥት ሽታ ካለው "ች" ለማስገባት አይቸኩሉ።

የሠሪ ስም በሣልስ ይጨርሳል፤ ዘማሪ፣ ጸሐፊ፣ ፈላጊ። ሽ፣ ጭ፣ ጅ ሲመጡ ግን ሳድስ ሆነው ይቀራሉ፤ ቀዳሽ፣ ሯጭ፣ ወሳጅ። እነዚህን ጫፎች በሳጥኑ ጥግ አሳንሰው ያስቀምጡ። ሰባት ስምንት ፍንጭ ላይ ይህን ከሠሩ፣ አንድም አዲስ መልስ ሳያውቁ በሰንጠረዡ ላይ ብዙ መገናኛ ተዘርቶ ያገኙታል።

ደረጃ 4፦ በመገናኛ መሥራት

በተግባር ለማየት ይህን ትንሽ ሰንጠረዥ ይውሰዱ፤ አምስት በአምስት ነው።

አግድም
1. በጣና ሐይቅ ላይ ትልቁ ደሴት (2)
3. የስንዴውን እሸት በመዳፉ ፈተገ (2)
4. የአዊ ዞን ዋና ከተማ (5)
6. ልጆች መሬት ላይ እያንከባለሉ የሚጫወቱባት ክብ መስተዋት (2)
7. ደም ይረጫል (2)

ወደ ታች
1. ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ መጀመሪያ የሚያገኛት ከተማ (3)
2. ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ ቤት (3)
3. ከሰከላ ይነሣል (3)
4. ጤፍ፣ ገብስ፣ ዳጉሳ (3)
5. የሌሊት ጯሂ (2)

ሲሞላ እንዲህ ይሆናል፦

■ ደ ቅ ■ ዋ
■ ጀ ■ ዓ ሸ
እ ን ጅ ባ ራ
ህ ■ ብ ይ ■
ል ብ ■ ■ ■

የአሞላሉ ቅደም ተከተል ከቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ጋር አይገናኝም። መነሻው 4 አግድም ነው፤ ረጅሙ እርሱ ነው፣ አምስቱን ወደ ታች የሚወርዱ ቃላት ሁሉ ያቋርጣል፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ እንጅባራ። ይህች አንዲት ቃል ብቻ ከተገኘች 1 ወደ ታች በ"ን" እንደሚያልቅ ታወቀ፤ ደጀን። 2 ወደ ታች በ"ራ" ያልቃል፤ ዋሸራ። የ3 ወደ ታች መሐሉ "ባ" ነው፤ ዓባይ።

አሁን 5 ወደ ታችን ይመልከቱ። "የሌሊት ጯሂ" ሲባል ብዙ ሰው ውሻ ይላል፤ ውሻም ሁለት ሳጥን ነው። ከእንጅባራ የወረደው "ጅ" ግን ውሻን አስወጥቶ ጅብን ያስገባል። በደረጃ 2 ላይ ቸኩሎ ውሻን የጻፈ ሰው 4 አግድምን መሐሉ ላይ "ጅ" ሳይሆን "ው" ይዞ ያገኘዋል፣ ከዚያም የሚያውቀውን ከተማ ይጠራጠራል። አንድ ልቅ ፍንጭ አንድ ጥብቅ መልስን እንዲያፈርስ አይፍቀዱ፤ ሁልጊዜ ጥብቁ ይቆይ፣ ልቁ ይጥፋ።

የአናባቢ ስሕተትም እዚሁ ይታያል። የከተማዋን ስም "እንጂባራ" ብሎ የጻፈ ሰው 5 ወደ ታች "ጂብ" ሆኖበት ይቆማል። አንድ መልስ በድምፁ ልክ ሆኖ በአንድ ሳጥን ብቻ አልገጥም ሲል፣ ተነባቢውን ሳይነኩ አናባቢውን በሳድስና በሣልስ፣ በግዕዝና በራብዕ መካከል ይለዋውጡ። ከዚህ ዓይነት መጣረስ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ጥንዶች ይፈታል።

6 አግድም ሳይነበብ ራሱ ተሞልቷል፤ ብ ከጅብ፣ ይ ከዓባይ። እንዲህ ሲሆን ፍንጩን ሳያነቡ አይለፉት። "ብይ" ከፍንጩ ጋር ከተስማማ ሁለቱም የወረዱ ቃላት ተረጋገጡ ማለት ነው፤ ካልተስማማ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት አለበት። በመጨረሻ 1 አግድም ይቀራል። "ደ" ከደጀን ተገኝቷል፤ ሁለተኛውን ሳጥን ግን ምንም አያቋርጠውም። ደቅን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ከዕውቀት በቀር መንገድ የለውም። እንዲህ ያሉትን ሳጥኖች ክበብ አድርገው ምልክት ይስጧቸው፤ ወደ ደብተሩ የሚሄዱት እነርሱ ናቸው።

ሞክሼ ፊደላት

በዚሁ ሰንጠረዥ 3 አግድም "አሸ" ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን የዓባይ "ዓ" ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አዘጋጆች እንዲህ ሲያገናኟቸው እናያለን። በተጨማሪም በሀ፣ ሐ፣ ኀ እና በአ፣ ዐ ግዕዙና ራብዑ (አ እና ኣ፣ ሀ እና ሃ) እኩል ይሰማሉ። ስለዚህ መገናኛውን በጆሮ ይዳኙት። ድምፁ ከተስማማ ይለፉ፣ ከሁለቱ አንዱን ጽፈው ይቀጥሉ። ፍንጩ "በግእዝ" የሚል ከሆነ ግን ፊደሉ ትርጉም ይለውጣልና ትክክለኛውን አጻጻፍ ይጠብቁ።

ሁለት ፊት ያላቸው ፍንጮች

ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ አዘጋጆችም በዚህ ይጠቀማሉ። "ገና" ጠብቆ በዓል ነው፣ ላልቶ ግን ያልደረሰ ጊዜ። "ዋና" ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ከሁሉ የበለጠው። "ሰፊ" ልብስም ይሰፋል፣ ሜዳም ይሆናል። ፍንጩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ካለ በሁለቱም መንገድ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ዓይን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ይቀራል፣ ድምፅ ግን ሁለተኛውን ያወጣዋል። በዋሸራ ወይም በዲማ ጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ይህን በኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም በያዘ ቃል) ስለለመደው እንዲህ ያለ ፍንጭ ሲያይ ሰሙን ትቶ ወርቁን ለመፈለግ አይዘገይም።

"ሲገለበጥ" የሚል ፍንጭ ሲመጣ መጀመሪያ መልሱን ቀጥ አድርገው ያግኙ፣ ከዚያ ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት ይጻፉ። "ጉድጓድ ቆፈረ (ሲገለበጥ)" ቢል መልሱ ማሰ ነው፣ የሚጻፈው "ሰማ"። ለማ ሲገለበጥ ማለ፣ ላባ ሲገለበጥ ባላ ይሆናል። ፊደሉ ከነአናባቢው ይዞራል እንጂ አይበተንም። የተለመደው ስሕተት ፍንጩን ገልብጦ መልስ መፈለግ ነው።

ተጣብቀው ሲቀሩ

ሁለት ሦስተኛው ተሞልቶ አንድ ጥግ አልከፈት ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ባዶው ጥግ ውስጥ ሳይሆን ወደዚያ በሚያስገባው ቃል ላይ ነው። ወደ ጥጉ የሚዘልቁትን ቃላት ይመልከቱ፤ ከእነርሱ በሳጥን ጥግ አሳንሰው የጻፉት ካለ እርሱን ብቻ አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ። ሁሉንም ማጥፋት አያስፈልግም።

ሁለተኛው መፍትሔ ክፍት ሳጥን ላይ ፊደላቱን በተራ መሞከር ነው። "ሞ _ ር" ካለዎትና ፍንጩ የእርሻ ዕቃ ከሆነ፣ በመሐል ያለውን ፊደል ከሀ እስከ ፐ በግዕዝ ቤቱ ይሂዱበት፤ "ፈ" ላይ ሲደርሱ ሞፈር ይመጣል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛው መጠየቅ ነው፤ ሲጠይቁ ግን ሙሉውን መልስ ሳይሆን "መጀመሪያው ፊደል ምንድን ነው?" ይበሉ፣ የቀረውን ራስዎ ይድረሱበት።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ፍንጭ ዓመት ሲጠቅስ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይመልከቱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ሲደመር የአውሮፓው ዓመት ይገኛል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ስለሆነ በእነርሱ 1896 ነው። የመጀመሪያው መስቀለኛ ቃላት በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ የወጣው ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. ስለሆነ በእነርሱ 1913 ይሆናል፤ አዘጋጁ አርተር ዊን፣ የሰንጠረዡ ቅርጽ ደግሞ የአልማዝ ነበር።

ስሕተቱ ምን ያህል እንደሚያስት በአንድ ቁጥር ይታያል። "በ1881" የሚል ፍንጭ በእኛ አቆጣጠር ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ዓመት ነው። በአውሮፓው ከሆነ ግን ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ የሆኑበት ነው፤ ያም በእኛ 1873። "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." የሚል ምልክት ከሌለ ሁለቱንም ይሞክሩና የሳጥኑ ቁጥር ይፍረድ።

ከመልሱ መማር

ሰንጠረዡ ሞልቶ ጋዜጣው ሲጣል መልሱም አብሮ ከተጣለ፣ ያው ፍንጭ ከወር በኋላ ሲመለስ እንደ አዲስ ያግድዎታል። ስለዚህ ደብተሩን በአራት ዓምድ ይክፈሉ፦ ፍንጭ፣ መልስ፣ ምክንያት፣ ጎረቤት። በቀን ሦስት ብቻ ይመዝግቡ፤ ዐሥር የመዘገበ ሰው ዐሥሩንም አያነባቸውም።

"ምክንያት" መልሱ ለምን ልክ እንደሆነ ነው። "ጎረቤት" ደግሞ ከዚያ መልስ አጠገብ ያለ፣ ነገ ፍንጭ ሊሆን የሚችል ሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ፦

ፍንጭ፦ የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስም (5)። መልስ፦ መንቆረር። ምክንያት፦ የአሁኑ ስም ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ጎረቤት፦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 እምባቦ ላይ በምኒልክ ተሸነፉ።

ፍንጭ፦ በጣና ላይ ትልቁ ደሴት (2)። መልስ፦ ደቅ። ምክንያት፦ ከሐይቁ ደሴቶች በስፋት የሚበልጠው የለም። ጎረቤት፦ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እዚያው ነው።

ፍንጭ፦ አባ ኮስትር (3)። መልስ፦ በላይ። ምክንያት፦ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ የሚጠራበት ነው፤ በ1937 በስቅላት ተገደለ። ጎረቤት፦ የሌሎች የፈረስ ስምና ቅጽል ስም፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ።

ትልቁ ትርፍ ያለው በዚህ በጎረቤት ዓምድ ነው። ከአንድ ፍንጭ ስድስት መልስ ተገኘ፤ ስድስቱም በአንድ ክር የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

ደብተሩን በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ ይመለሱበት። የመልሱን ዓምድ በወረቀት ሸፍነው ፍንጩን ብቻ ያንብቡ። ሦስቱንም ጊዜ ካወቁት ይሰርዙት።

ከመመዝገብዎ በፊት መልሱ ያላረጀ መሆኑን ያረጋግጡ። የቡሩንዲ ዋና ከተማ ተብሎ በቆየ ሰንጠረዥ ላይ ቡጁምቡራ (5) ይገኛል፤ ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ግን የፖለቲካ ዋና ከተማዋ ጊቴጋ (3) ናት። ስዋዚላንድም ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ተብላለች። የሳጥኑ ብዛት አዘጋጁ የትኛውን እንደፈለገ ይነግርዎታል፤ በደብተሩ ላይ ግን ሁለቱንም ከነዓመታቸው ይጻፉ።

ቀድሞ ቢያዝ የሚጠቅም ስንቅ

አጫጭር ቃላት በየሰንጠረዡ ይመላለሳሉ። ከዓለም ከተሞች ሮም፣ ኦስሎ፣ ሊማ፣ አክራ፣ ሎሜ፣ ዶሃ፣ ካይሮ፤ ከገንዘብ የን፣ ዋን፣ ሲዲ፣ ናይራ፣ ራንድ። ከግእዝ ቁጥር አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያሉ እስከ ዐሠርቱ። ከግእዝ ቃላት ማይ ለውኃ፣ ፍኖት ለመንገድ፣ ኅብስት ለእንጀራ፣ እድ ለእጅ፣ ርእስ ለራስ።

የጎጃም ሰው ያለ መጽሐፍ የሚያገኘው ስንቅ ደግሞ አለ። የእርሻ ዕቃ ስሞች፦ እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ቀንበር፣ ምራን። የጠላ ቤቱ፦ ጌሾ፣ ብቅል፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ። የቤት ዕቃው፦ ሌማት፣ ሰፌድ፣ ጉልቻ፣ አክንባሎ። የቅኔው ቤት፦ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ። ከተማ ያደገ ወጣት እነዚህን ሲያጣ፣ አርሶ አደሩ አጎቱ ወይም ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤት ሳያስቡ ይናገሩታል። ስለዚህ በገበያ ቀን ከገጠር ለሚመጣ ዘመድ ክበብ ያደረጉባቸውን ፍንጮች ይዘው ይቅረቡ፤ ለግእዙ ደግሞ የኔታን ይጠይቁ። ሲጠይቁ ዕቃው ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚታሰር ያስረዱልዎት፤ ወገል ማረሻውንና ድግሩን ከሞፈሩ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ብረት መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ፍንጩ በየትኛውም በኩል ቢመጣ ሦስቱን ሳጥን ይሞላል።